ታፔላውን እዩ፦ በዋሽንግተን ዲሲ በባቡርና በአውቶቡስ መሄድ

እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ የእንግሊዝኛ ፊደል አትለይም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታ፣ መሃል ላይ ባቡር ቀይራ፣ ዩ ስትሪት የምትኖረውን አክስቴን ጠይቃ ብቻዋን መመለስ ጀመረች። እኔ የማታ ሥራ ነው የምሠራው። ቀን እተኛለሁ። እሷ ደግሞ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ መዋል አልሆነላትም። ስለዚህ መንገዱን ቁጭ ብዬ ማስተማር ነበረብኝ። እኔ ለዓመታት በልማድ የማደርገውን ነገር አንድ በአንድ ያሰብኩበት ያኔ ነው።

እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው። ለአዲስ መጪ ይሆናል፤ ወላጁን ለሚቀበል ልጅም ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙ። መገናኛ ቆማችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ረዳቱ ምን ብሎ ነው የሚጣራው? "ፒያሳ! ፒያሳ!" ነው የሚለው። የመንገዱን ስም አይጠራም። መሃል ያሉትን ፌርማታዎችም አይዘረዝርም። መጨረሻውን ነው የሚጠራው። እናንተ አራት ኪሎ ወራጅ ብትሆኑም ፒያሳ የሚለው ውስጥ ትገባላችሁ። የዲሲ ሜትሮም እንደዚያው ነው። ረዳት የለውም እንጂ ታፔላ አለው። ባቡሩ ግንባሩና ጎኑ ላይ የመጨረሻ ጣቢያውን ስም ጽፎ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ላይ በቀላል ባቡር የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ "ወደ አያት ነው ወይስ ወደ ጦር ኃይሎች?" ብሎ ነው የሚሳፈረው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ታውቃላችሁ፦ የመስመሩን ቀለምና የመጨረሻውን ጣቢያ። ቀለሞቹ ስድስት ናቸው፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ብርማ። ጣቢያዎቹ 98 ናቸው። ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም። እኔ እስካሁን ከግማሹ በላይ ወርጄ አላውቅም። የምትሄዱበትን ቀለም፣ በዚያ ቀለም ላይ ደግሞ በስተመጨረሻ ያለውን ስም ካወቃችሁ በቂ ነው። ጣቢያውን ከመንገድ ላይ ለማግኘት ደግሞ አናቱ ላይ "ኤም" የተጻፈበት ረጅም ቡናማ ምሰሶ ፈልጉ። ምሰሶው ላይ የተቀቡት የቀለም ቀለበቶች በዚያ ጣቢያ የሚያልፉትን መስመሮች ይነግሯችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር አበሻ ሁሉ ቀዩን መስመር ነው የሚጠቀመው። ቀዩ መስመር ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ነው። አንዱ ጫፍ ሼዲ ግሮቭ ይባላል፣ ሌላው ግሌንሞንት። ሁለቱም ጫፎች ያሉት ዲሲን በሚያዋስነው ግዛት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። "ሜሪላንድ ይሄዳል?" ብላችሁ ሰው ብትጠይቁ የሁለቱም ባቡር መልስ "አዎ" ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ግን በግሌንሞንት በኩል ነው።

እኔ የመጣሁ ሰሞን የሆንኩትን ልንገራችሁ። ማታ ነው። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ሜትሮ ሴንተር የሚባለው ትልቁ መገናኛ ጣቢያ ላይ ከብርማው መስመር ወርጄ ቀዩን መያዝ ነበረብኝ። እዚያ ጣቢያ ላይ ብርማ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ባቡሮች ከታች ናቸው፤ ቀዩ ከላይ ነው። የቀዩ መሳፈሪያ ግን ለሁለቱ አቅጣጫዎች ለየብቻ፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ነው። ከታች ሆናችሁ የትኛውን ደረጃ እንደምትወጡ ሳትለዩ ከወጣችሁ፣ ወጥታችሁ የምታገኙት የተሳሳተውን ጎን ሊሆን ይችላል። እኔ ፊቴ ያገኘሁትን ደረጃ ወጣሁ። ባቡር መጣ፣ ቀይ ነው፣ ገባሁ። ዱፖንት ሰርክል ሲል አልገባኝም። ክሊቭላንድ ፓርክ ሲል ልቤ መምታት ጀመረ። ቤተዝዳ ስደርስ ወረድኩ። እዚያ ጣቢያ ላይ መሃል መድረክ ስለሆነ በሌላው ጎን የቆመውን የግሌንሞንት ባቡር ያዝኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ቤቴ ግን ገባሁ።

ከዚህ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ደረጃውን ከመውጣታችሁ በፊት አጠገቡ ያለውን ምሰሶ አንብቡ። በዚያ በኩል የሚደርስባቸው ጣቢያዎች ስም ከላይ ወደ ታች ተጽፏል። የእናንተ ጣቢያ ከሌለ ያ ደረጃ የእናንተ አይደለም። ሁለተኛ፣ በተሳሳተ ባቡር መሄድ ችግር የለውም፤ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ፣ ከበሩ ሳትወጡ፣ ተቃራኒውን መያዝ ነው። ካርዳችሁን መውጫው ላይ እስካልነካችሁ ድረስ ተጨማሪ ሒሳብ አይቆረጥባችሁም።

ስለ ካርድ። ስማርትሪፕ ይባላል። ጣቢያው ውስጥ ካለው ማሽን ላይ በ2 ዶላር ትገዙታላችሁ፣ ከዚያ ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ። ስልካችሁ ላይም ይጫናል። ከእ.ኤ.አ. 2025 ጀምሮ ደግሞ የባቡሩ መግቢያ ላይ የባንክ ካርድ ራሱን ማስነካት ይቻላል። ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት ግድ ነው፤ ሒሳቡ በርቀት ነውና። በሥራ ቀን ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ይሄዳል። በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 9፡30 (በኛ 3፡30) በኋላና ቅዳሜና እሑድ ግን የትም ብትሄዱ ከ2.50 አይበልጥም። ዘመድ ለማስጎብኘት እኔ ሁሌም ቅዳሜን የምመርጠው ለዚህ ነው። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ያዙ። አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር ሲሆኑ፣ እስከ ሁለት ድረስ፣ በነጻ ይገባሉ።

ወላጅ የሚቀበል ሰው ይህንን አይለፈው፦ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች በግማሽ ዋጋ የሚሄዱበት የተለየ ካርድ አለ። ዕድሜን የሚያሳይ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው፤ እናቴ በፓስፖርቷ ነው ያወጣችው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ወላጁን ሙሉ ሒሳብ ሲያስከፍል አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ጀምሮ ብርማው መስመር እዚያ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ደለስ ላይ መኪና ያለው ዘመድ ያልመጣለት ሰው መከራውን ነበር የሚያየው። አሁን ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከወጣችሁ በኋላ "ሜትሮ" የሚለውን ምልክት ተከትላችሁ፣ ከምድር በታች ባለው መተላለፊያ ጥቂት ትራመዳላችሁ፤ እግር የሚያሳርፍ ተንቀሳቃሽ ወለል አለው። ጣቢያው ላይ ከሁለቱ አቅጣጫ "አሽበርን" የሚለውን አትያዙ፤ እሱ ከከተማው ያርቃችኋል። "ላርጎ" ወይም "ኒው ካሮልተን" የሚለውን ያዙ። ሁለቱም መሃል ከተማ ያልፋሉ። ሜትሮ ሴንተር ላይ ወርዳችሁ በግሌንሞንት በኩል ቀዩን መያዝ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ በበርበሬና በሽሮ ሞልታችሁ ከሆነ የመጣችሁት ግን ምክሬ ሌላ ነው። ሰው ይቀበላችሁ። በባቡሩ አይከለከልም፤ ሁለት ሻንጣ ይዞ ባቡር መቀየር ግን ከበረራው በላይ ያደክማል።

ከጣቢያ ከወጣችሁ በኋላ ያለው አድራሻ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዲሲ አራት ቦታ ተከፍላለች፤ መሃሉ የምክር ቤቱ ሕንጻ ነው፣ ካፒቶል የሚሉት። ሰሜን ምዕራብ ያለው "ኖርዝ ዌስት"፣ ሰሜን ምሥራቅ ያለው "ኖርዝ ኢስት" እያለ ይቀጥላል። ታዲያ ያው የመንገድ ቁጥር በየክፍሉ ይደጋገማል። የመጀመሪያ ሥራዬን ፍለጋ ለቃለ መጠይቅ ስጠራ፣ ወረቀቱ ላይ 14ኛ መንገድ የሚለውን አነበብኩና ከመጨረሻ ያሉትን ሁለት ፊደሎች ዘለልኳቸው። ሰሜን ምሥራቅ 14ኛ መንገድ ላይ ቤት ቁጥር ስፈልግ፣ እነሱ ሰሜን ምዕራብ ሆነው ይጠብቁኛል። ያንን ሥራ አላገኘሁም። ስለዚህ አድራሻ ሲሰጧችሁ ከሁሉ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደሎች አንብቡ።

ከዚያ በኋላ ግን ከተማዋ ራሷ ትመራችኋለች። በቁጥር የሚጠሩት መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። በፊደል የሚጠሩት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ናቸው። ዩ ስትሪት ላይ 1415 የሚል የቤት ቁጥር ከተሰጣችሁ ቤቱ በ14ኛና በ15ኛ መንገድ መሃል ነው። ሌላ አትፈልጉ። ይህችን ካወቃችሁ ስልክ ቢጠፋም አትጠፉም።

ጣቢያ ላይ ያለው የመውጫ በር ደግሞ የሚናቅ አይደለም። አብዛኛው ትልቅ ጣቢያ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መውጫ አለው። ዩ ስትሪት ላይ አንዱ በ13ኛ መንገድ በኩል ነው፣ አንዱ በ10ኛ። የአበሻ ምግብ ቤቶች ወደሚበዙበት ወደ 9ኛ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ የ10ኛውን ያዙ። እናቴን ያስለመድኳት በዚያ ነው፤ አክስቴ ቤት ከዚያ ቅርብ ነው። ቀጠሮ ስትይዙም "ዩ ስትሪት ጣቢያ እንገናኝ" አትበሉ። የትኛው መውጫ እንደሆነ ተናገሩ።

አውቶቡስ ላይ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 መጨረሻ ላይ የሜትሮ አውቶቡሶች ስም በሙሉ ተቀይሯል። የድሮ ሰው "ሰባን ያዝ" ቢላችሁ ሰባ ቁጥር የለም። በጆርጂያ አቬኑ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣው አሁን "ዲ 40" ነው። በዲሲ ዙሪያ ካሉት አካባቢዎች ሞንትጎመሪ ውስጥ የሚሠሩት በ"ኤም"፣ ፕሪንስ ጆርጅስ በ"ፒ"፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ በ"ኤ"፣ ፌርፋክስ በ"ኤፍ" ይጀምራሉ። ቀድሞ የመጣን ሰዎች ስለ አውቶቡስ ቁጥር የምንሰጠውን ምክር በስልካችሁ ካርታ አረጋግጡት።

ነጻውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡሶች ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነጻ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለው ዳሽ የሚባለው አውቶቡስ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ነጻ ነው፤ እዚያው ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት የመኖሪያ ሕንጻዎች አካባቢ ያሉ ወገኖች ይህን ያውቃሉ። በሜትሮ አውቶቡስ ግን 2.25 ይከፈላል። በካርድ ከከፈላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አውቶቡስ በነጻ ትሸጋገራላችሁ፤ ባቡር ከያዛችሁም ያቺ 2.25 ከባቡሩ ሒሳብ ላይ ትቀነሳለች። በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ መልስ የለም።

"ወራጅ አለ!" አይባልም። መስኮቱ አጠገብ የተዘረጋችውን ገመድ ትስባላችሁ ወይም ቀዩን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ካልሳባችሁ፣ የሚጠብቅም ሰው ከሌለ፣ ሹፌሩ ፌርማታውን አልፎ ይሄዳል። ስትጠብቁ ደግሞ ቆም ብላችሁ እጃችሁን አሳዩት።

አሁን እናቴን እንዴት እንዳስተማርኳት።

መጀመሪያ ፊደል። ግሌንሞንትን አታነብም፤ መነሻዋን ፊደል ግን በቅርጿ ታውቃታለች። ወረቀት ላይ ትልቅ አድርጌ ጻፍኩላት። አየችውና "ይቺማ ማጭድ ናት" አለች። የሼዲ ግሮቭን መነሻ ስጽፍላት "እባብ" አለችው። ከዚያ ወዲያ እኔም ማጭድና እባብ ነው የምለው። አረንጓዴው መስመር ላይ ወደ ደቡብ የሚሄደው ብራንች አቬኑ ነው፤ የእሱን መነሻ "ሁለት ሆድ" ብላ ያዘችው። ሦስቱንም ፊደሎች በካርቶን ላይ ጽፌ ከካርዷ ጋር በኪሷ አስያዝኳት።

ቀጥሎ ቆጠራ። የጣቢያ ስም በድምጽ ማጉያ ይነገራል፤ ግን ለጆሮ እንግዳ ነው፣ አንዳንዴም አይሰማም። መቁጠር ይሻላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ እባብ በሚሄደው ቀይ ሁለት ጣቢያ፦ ታኮማ፣ ከዚያ ፎርት ቶተን። ወርዳ አንድ ደረጃ ወደ ታች። ሁለት ሆድ የሚለውን አረንጓዴ ይዛ ሦስት ጣቢያ፦ ፔትዎርዝ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ዩ ስትሪት። የእናቴ መቁጠሪያ ከእጇ አይለይም። ባቡሩ በቆመ ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፋለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ሰዓት ላይ ተቸግረን ነበር። የእጅ ሰዓቷ የኛ አቆጣጠር ነው፤ ልታስቀይረውም አልፈለገችም። እኔም ተውኩት። መሳፈሪያው ላይ ያለው ሰሌዳ የሚያሳየው ሰዓት ሳይሆን ደቂቃ ነው። ከመጨረሻው ጣቢያ ስም ቀጥሎ በስተቀኝ ያለው ቁጥር 4 ካለ አራት ደቂቃ ቀርቶታል ማለት ነው። ቁጥሩ ጠፍቶ ፊደል ሲመጣ ባቡሩ ገብቷል። የመድረኩ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶችም ብልጭ ድርግም ሲሉ እየመጣ ነው። ያኔ ከጠርዙ መራቅ ነው።

በሩን በደንብ አስጠንቅቄያት ነበር። የሜትሮ በር እንደ አሳንሰር አይደለም። እጅ ስላስገባችሁ አይከፈትም። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት አንድ ስምምነት አደረግን፦ ከተለያየን፣ ባቡሩ ውስጥ የቀረው ሰው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፣ እዚያው ይቆማል፤ ውጭ የቀረው ሰው በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል። በሁለተኛው የልምምድ ቀን ደረሰብን። ፎርት ቶተን ላይ እኔ ወረድኩ፣ እሷ ነጠላዋን ስታስተካክል በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ባቡሩ ሄደ። ቀጣዩን ባቡር ስጠብቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሩክላንድ ስወርድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። "ውረጂና ቁሚ ብለሽኝ የለም? ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ። ከልጅ ወይም ከሽማግሌ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህን ስምምነት ቤት ሳላችሁ አድርጉ።

ባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። እናቴ ቆሎ በፌስታል ይዛ ነበር የምትሄደው፤ አክስቴ ቤት እስክትደርስ እንዳትፈታው አስማልኳት። የሚቀልዱበት ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. 2000 ላይ የ12 ዓመት ልጅ ጣቢያ ውስጥ አንድ የድንች ጥብስ በልታ በካቴና ታስራ ነበር። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ደግሞ በቀኝ ቁሙ። ግራው ለሚቸኩል ነው። ደረጃ የሚያስፈራው ሰው በሁሉም ጣቢያ አሳንሰር አለ። ዊተን ጣቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ይረዝማል፤ እናቴ አንዴ አይታው አማተበች፣ ከዚያ ወዲህ አሳንሰሩን ነው የምትይዘው።

ሲጠፋባችሁ መግቢያው አጠገብ በመስታወት ቤት ውስጥ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። ከመሬት በታች ባሉት ጣቢያዎች ነጻ ዋይፋይ አለ፤ የስልክ መስመር ያላወጣ እንግዳ በእሱ ይደውላል። ከጣቢያ ከወጣችሁ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። መሃል ዲሲ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ያገር ልጅ ነው። በአማርኛ "እንደምን ዋላችሁ" በሉ፣ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ውሃም ይሰጧችኋል።

መመለሻው ከመሄጃው ይቀላል። ከዩ ስትሪት ወደ ቤት የሚያመጣው አረንጓዴ ባቡር የመጨረሻ ጣቢያው ግሪንቤልት ነው። ሦስት ጣቢያ ሄዳችሁ ፎርት ቶተን ትወርዳላችሁ፣ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፣ የግሌንሞንቱን ቀይ ይዛችሁ ሁለት ጣቢያ። የሁለቱም መነሻ ፊደል አንድ ነው። እናቴ ስትመለስ ካርቶኑን አታወጣውም። "ወደ ቤት ማጭድ፣ ማጭድ" ብላ ነው የምትሳፈረው።